የኒውክሌር ቦምብ ቁልፍና ስልካችን ውስጥ ያለው ቁልፍ፦ ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?

ዋትስአፕ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ቻት ስትከፍቱ፣ ከላይ የቁልፍ ምልክት ያላት አጭር ማስታወቂያ ትመጣለች። መልእክቱን ከእናንተና ከተቀባዩ በቀር ማንም፣ ዋትስአፕ ራሱ እንኳ፣ ሊያነበው እንደማይችል ትናገራለች። አብዛኞቻችን ሳናነባት እናልፋታለን።

እስቲ አስቡት ግን። ከዚያ ሰው ጋር በአካል ተገናኝታችሁ የምስጢር ቃል አልተለዋወጣችሁም። እናንተ ደሴ ናችሁ፣ እሱ ሪያድ ነው እንበል። መሃል ላይ ደግሞ ቴሌው፣ ኩባንያው፣ ምናልባትም ጆሮውን የጣለ ሌላ አካል አለ። ታዲያ ሁለቱ ስልኮች ሁሉም እየሰማቸው እንዴት አድርገው ማንም በማያውቀው ምስጢር ተስማሙ?

የዚህ መልስ "የይፋዊ ቁልፍ ምስጠራ" ይባላል። የተወለደው በስለላ ድርጅት ግቢ ውስጥ ነው፤ ለዓመታትም እዚያው ተቆልፎበት ቆይቷል። ከኒውክሌር መሣሪያ ቁጥጥር ጋርም ብዙ ሰው የማያውቀው ግንኙነት አለው። ዛሬ ይህንኑ ታሪክ ከመነሻው እንነግራችኋለን። (ካልገለጽን በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ወታደር፣ አንድ ጠመንጃ

በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ሶቪየት ኅብረትን ለመመከት ብላ በርካታ የኒውክሌር መሣሪያዎችን ወደ ምዕራብ አውሮፓ ወስዳ ነበር። የተወሰኑት በኔቶ አጋር አገራት አውሮፕላኖች ላይ ሳይቀር ተጭነው ለመነሳት ዝግጁ ሆነው ይቆሙ ነበር። ቦምቡ የአሜሪካ ነው፤ አውሮፕላኑና አብራሪው ግን የሌላ አገር።

በ1960 መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት የአቶሚክ ኃይል ኮሚቴ አባላት እነዚህን የጦር ሰፈሮች ሊጎበኙ ሄዱ። አብረዋቸው ሃሮልድ አግኒው የሚባል የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። አግኒው በአንዱ ሰፈር ያየው ነገር አስደነገጠው። ኒውክሌር ቦምብ የተሸከሙ የአጋር አገር ተዋጊ አውሮፕላኖች ሜዳው ላይ ቆመዋል። በአሜሪካ በኩል የሚጠብቃቸው አንድ ገና ለጋ የሆነ ወታደር ነው። በእጁ ያለው ጠመንጃ ብቻ ነው።

አብራሪዎቹ ተነስተው ቢበሩ ይህ ልጅ ምን ያደርጋል? አንዱ መኮንን ቢያብድስ? በዚያ አገር መፈንቅለ መንግሥት ቢነሳስ?

ይህ ቅዠት ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ ወር 1961 የፈረንሳይ ጄኔራሎች አልጄሪያ ውስጥ በፕሬዝዳንት ደ ጎል ላይ አመፁ። በዚያው ሰዓት ፈረንሳይ በሰሃራ በረሃ፣ ሬጋን አካባቢ፣ ለሙከራ የተዘጋጀ የኒውክሌር ቦምብ ነበራት። አመፁ ገና ሳይበርድ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ቦምቡ እዚያው በረሃ ላይ ፈነዳ። በአመፀኞቹ እጅ እንዳይወድቅ ተብሎ ነው የተፋጠነው የሚለው አባባል እስከ ዛሬ በሰፊው ይነገራል።

የኬኔዲ ፊርማ

አግኒው ከጉብኝቱ ሲመለስ መፍትሔው ጥበቃ መጨመር ብቻ እንዳልሆነ ገብቶት ነበር። ቦምቡ ራሱ ቁልፍ ያስፈልገዋል። የአሜሪካን ኒውክሌር መሣሪያዎች ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው የሳንዲያ ላቦራቶሪ ይህንን ቁልፍ ሠርቶ አሳየ። ሰኔ 6 ቀን 1962 ፕሬዝዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ "የብሔራዊ ደኅንነት እርምጃ ማስታወሻ ቁጥር 160" በሚባለው ሰነድ በኔቶ አገራት ያሉ መሣሪያዎች ላይ ቁልፉ እንዲገጠም አዘዙ።

ቁልፉ በአጭሩ "ፓል" ይባላል፤ "የፈቃድ ማያያዣ" እንደማለት ነው። አሠራሩ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ትክክለኛው ኮድ ካልገባ ቦምቡን የሚያፈነዳው የኤሌክትሪክ መስመር አይገናኝም። የመጀመሪያዎቹ እንደ ካዝና በቁጥር የሚከፈቱ ነበሩ። ከዚያ ባለ 6 አሃዝ፣ በኋላም ባለ 12 አሃዝ ኮድ የሚቀበሉ ኤሌክትሮኒክ ቁልፎች መጡ። የኋለኞቹ ኮዱ ተደጋግሞ ከተሳሳተ ጭራሽ ይዘጋሉ፤ ፒን ስትሳሳቱ ሲም ካርዳችሁ እንደሚዘጋው ማለት ነው። ቁልፉ የሚቀመጠው በመሣሪያው ውስጥ በጥልቀት ስለሆነ ፈትቶ ማለፍም አይቻልም፤ የነካካው ሰው መጀመሪያ መሣሪያውን ያበላሸዋል።

እዚህ ጋ ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ከዚህ በፊት "ቦምቡን ማን ይዞታል?" የሚለው ጥያቄ ነበር ወሳኙ። ከ1962 በኋላ ጥያቄው "የማዘዝ ሥልጣን ያለው ማን ነው? መሣሪያውስ ትዕዛዙ ከእሱ መምጣቱን በምን ያውቃል?" ወደሚል ተቀየረ። በእጅ መያዝና ማዘዝ ተለያዩ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዩክሬን በደንብ ታውቀዋለች። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ብዙ የኒውክሌር አረር ዩክሬን መሬት ላይ ቀረ፤ በቁጥር በዓለም ሦስተኛው ትልቁ ክምችት ነበር። መሣሪያውን የማስወንጨፍ ኮድና ትዕዛዝ ግን ሞስኮ ነበር። ዩክሬን በታኅሣሥ 1994 የቡዳፔስቱን ስምምነት ፈርማ አረሮቹን ለማስረከብ ስትስማማ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር።

ስምንት ዜሮ

ቁልፍ መግጠም አንድ ነገር ነው፤ በቁልፉ መጠቀም ሌላ ነው። ወታደሮች ፓልን ብዙም አልወደዱትም። ሥጋታቸው ግልጽ ነው፦ ጦርነት ቢነሳና ኮዱ ባይደርሰንስ?

ብሩስ ብሌር የሚባል ሰው በ1970ዎቹ የሚኒትማን ሚሳኤል አስወንጫፊ መኮንን ነበር። ይህ ሰው በ2004 ባወጣው ጽሑፍ፣ በእሱ ጊዜ የሚሳኤሎቹ መክፈቻ ኮድ ስምንት ዜሮ፣ አዎ 00000000፣ ሆኖ ይቀመጥ እንደነበር ተናገረ። የአሜሪካ አየር ኃይል በበኩሉ ይህን አስተባብሏል። ክርክሩ እስካሁን አለ።

የእንግሊዞቹ ግን ክርክር የለበትም። ቢቢሲ በ2007 እንደዘገበው የእንግሊዝ አየር ኃይል የኒውክሌር ቦምቦች እስከ 1998 ድረስ የሚዘጋጁት የብስክሌት መቆለፊያ በሚመስል ክብ ቁልፍ ነበር። ኮድ የሚባል ነገር አልነበረም። የባሕር ኃይሉም መኮንኖቻችንን አለማመን ነው በሚል በባሕር ሰርጓጅ መርከቦቹ ላይ ይህን ዓይነት ቁልፍ አልፈለገም።

ቁልፉ ተሠራ፣ ቁልፉን ማን ያድርሰው?

አሁን ወደ ምስጠራ እንግባ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ የነበረው ምስጠራ በሙሉ አንድ ዓይነት ነበር። መልእክቱ የተቆለፈበት ቁልፍ ራሱ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ላኪና ተቀባይ አስቀድመው አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ መያዝ አለባቸው።

ችግሩ ቁልፉን ማድረስ ነው። በስልክ ከላካችሁት ይጠለፋል። ስለዚህ በሰው፣ በታሸገ ቦርሳ ይላካል። በየኤምባሲው፣ በየመርከቡ፣ በየጦር ሰፈሩ፣ በየጊዜው። የግንኙነት መረቡ ባደገ ቁጥር የቁልፉ ብዛት ይበዛል፤ ጣጣውም ወጪውም ያብጣል።

በእንግሊዙ የስለላ ድርጅት ጂሲኤችኪው ውስጥ ጄምስ ኤሊስ የሚባል ሰው በ1969 ይህን ችግር እንዲያጠና ተጠየቀ። በዘመኑ ቁልፍ ሳያቀባብሉ በምስጢር መነጋገር አይቻልም የሚለው እንደ ሃይማኖት የሚታመን ነበር። ኤሊስ ግን አንድ የድሮ ጽሑፍ አነበበ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቤል ስልክ ኩባንያ የተጻፈ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ተቀባዩ ራሱ መስመሩ ላይ ጫጫታ ይጨምር። የሚጠልፈው ሰው ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ተቀባዩ ግን የጨመረውን ስለሚያውቅ ቀንሶ ንግግሩን ያገኛል።

ኤሊስን የገረመው ስልኩ አይደለም፤ ምስጢሩን የሚፈጥረው ተቀባዩ ብቻ መሆኑ ነው። ላኪው ምንም ምስጢር አያስፈልገውም! ይህንኑ በቁጥር መሥራት እንደሚቻል አንድ ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ አሰበው፤ በጥር 1970 በምስጢር ሪፖርት ጻፈው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሥራውን የሚሠራው ሒሳብ።

ጓጉንቸሩን አስቡት

ነገሩን በጓጉንቸር እናስረዳ። አንድ ሰው አንድ ሺህ ጓጉንቸር አሠራና ክፍት እንደሆኑ በየሰፈሩ አከፋፈለ እንበል። ሁሉንም የሚከፍተው አንድ ቁልፍ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። ለዚያ ሰው ምስጢር መላክ የፈለገ ሁሉ ዕቃውን ሳጥን ውስጥ ያስገባና ጓጉንቸሩን ቀጭ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የቆለፈው ሰው ራሱ መክፈት አይችልም። ጓጉንቸሩ ይፋዊ ቁልፍ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለው የግል ቁልፍ ነው።

ሒሳቡ ደግሞ ለመሄድ ቀላል፣ ለመመለስ ከባድ የሆነ መንገድ ይፈልጋል። 61ን በ53 አባዙ፤ 3233 ነው፣ ካልኩሌተር ካለ በሰከንድ ያልቃል። አሁን ግልባጩ፦ 3233 የየትኞቹ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው? ይሄኛው መፈለግ ይጠይቃል። ቁጥሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር አሃዝ ሲኖራቸው የዛሬ ኮምፒውተሮችም አይዘልቁትም።

በ1973 ክሊፎርድ ኮክስ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ጂሲኤችኪው ተቀጠረ። የኤሊስን ሐሳብ ሲነግሩት ይህንኑ የብዜት መንገድ አሰበና በአንድ ምሽት ጨረሰው። የምስጢር ሥራ ቤት ውስጥ መጻፍ ስለማይፈቀድ በጭንቅላቱ ይዞት አደረ፤ በማግሥቱ ቢሮ ገብቶ ጻፈው። የትምህርት ቤት ጓደኛው ማልኮም ዊሊያምሰን "ስህተት አገኝበታለሁ" ብሎ ሲሞክር፣ ሌላ መንገድ አገኘ፦ ሁለት ሰዎች በግልጽ እየተነጋገሩ ምስጢር የሚፈጥሩበትን። መጀመሪያ የጠየቅነው የደሴና የሪያድ ጥያቄ መልስ ይሄ ነው።

ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ወረቀቶቹ ምስጢር ተብለው መሳቢያ ገቡ፤ ለ20 ዓመት ከዚያ በላይ ማንም ሳያያቸው ቀሩ።

ከአትላንቲክ ማዶ

ይህን ምንም የማያውቁ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ያንኑ ነገር እየፈለጉ ነበር። ራልፍ መርክል በ1974 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ለክፍል ፕሮጀክት ሐሳቡን አቀረበ፤ መምህሩ አልተቀበለውም። ዊትፊልድ ዲፊና የስታንፎርዱ ማርቲን ሄልማን በኅዳር 1976 ዓለምን የቀየረውን ጽሑፍ አወጡ። በ1977 የኤምአይቲዎቹ ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የብቸኛ ቁጥር ብዜትን መንገድ ራሳቸው ደረሱበት። በስማቸው መጀመሪያ ፊደላት "አርኤስኤ" የምንለው እሱ ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ባለ 129 አሃዝ ቁጥር አትሞ ለሚፈታው 100 ዶላር ሽልማት አቀረበ። ለመፍታት ከሰው ልጅ ዕድሜ በላይ ይፈጃል ተብሎ ነበር። በ1994 በኢንተርኔት የተገናኙ 600 የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረው ፈቱት። ትምህርቱ፦ ቁጥሮቹ ማደግ አለባቸው።

የስለላው ዓለም ግን አልተደሰተም። በሐምሌ 1977 የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ ሠራተኛ የሆነ ሰው ለአንድ የመሐንዲሶች ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ፦ ይህን ምርምር ማሳተም የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ መላክን የሚከለክለውን ሕግ ሊጥስ ይችላል የሚል። በጥቅምት ወር ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ የሄልማን ተማሪዎች ጽሑፋቸውን ሊያቀርቡ ነበር። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጠበቃ ተማሪዎቹን መከላከል ሊከብድ እንደሚችል ስለመከረ፣ ሄልማን ራሱ መድረክ ላይ ወጣ። ተማሪዎቹ ቃል ሳይናገሩ አጠገቡ ቆሙ። ሒሳብ በማቅረብ ሊከሰሱ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ኒውክሌሩ የት ገባ?

ሁለት ነገር መለየት አለብን።

አንደኛው ወሬ ነው፤ ግን ቀላል ወሬ አይደለም። የኤንኤስኤ የቀድሞ ዳይሬክተር አድሚራል ቦቢ ኢንማን ድርጅታቸው ሐሳቡን ከእነ ዲፊ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ያውቀው ነበር ብለዋል። አንዳንድ የምስጠራ ተመራማሪዎችም መነሻው የኬኔዲ ማስታወሻ ቁጥር 160 ሊሆን ይችላል ብለው ይገምታሉ፦ ቦምቡ ትዕዛዙ ከፕሬዝዳንቱ መምጣቱን ለማረጋገጥ ፊርማ የመሰለ ነገር ያስፈልገው ነበርና። ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ ግን ይፋ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ "የኒውክሌር ቁልፍ ይፋዊ ቁልፍን ወለደ" የሚል ፖስት ብታዩ፣ ግምት መሆኑን እወቁ።

ሁለተኛው የተረጋገጠ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካና ሶቪየት የኒውክሌር ሙከራን ለማቆም ይደራደሩ ነበር። አንዱ ወገን ሌላው ከመሬት በታች ቦምብ እንዳላፈነዳ በምን ያውቃል? አንዱ መፍትሔ የመሬት ንዝረት መለኪያ በሌላው አገር ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ነበር። እዚህ ጋ ሁለት ፍርሃት ተጋጨ።

አሜሪካ "ሶቪየቶች የውሸት መረጃ ቢልኩልኝስ?" ትላለች። ሶቪየት ደግሞ "መሣሪያው ንዝረት ብቻ ሳይሆን ስለላም ቢልክስ?" ትላለች። መረጃው ከተመሰጠረ ሶቪየት የሚወጣውን ማየት አትችልም። በድሮው መንገድ ቁልፉ ከተሰጣት ደግሞ የውሸት መረጃ መሥራት ትችላለች።

የሳንዲያው የሒሳብ ሊቅ ጉስታቨስ ሲመንስ መልሱን በይፋዊ ቁልፍ አገኘው፤ ጓጉንቸሩን ገልብጦ ማለት ነው። የግል ቁልፉ በተቀበረው መሣሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ መሣሪያውን የነካካ ሰው ካለ ቁልፉ ራሱን ያጠፋል። መሣሪያው እያንዳንዱን መረጃ በግል ቁልፉ "ይፈርማል"። ይፋዊው ቁልፍ ለሁሉም ይሰጣል። ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ያረጋግጣል፣ ማንም ግን አስመስሎ መፈረም አይችልም። ዲጂታል ፊርማ የምንለው ይኸው ነው። የማይተማመኑ ሁለት ጠላቶች አንድን ወረቀት በጋራ ማመን ቻሉ።

ሲመንስ ግን ጥሩ ጥሩውን ብቻ አልተናገረም። በፊርማው ቁጥሮች ውስጥ ማንም ሳያይ ትንሽ ምስጢር መደበቅ እንደሚቻልም ደረሰበት። ትንሽ ሲባል አይናቅም፦ 10 ቢት ብቻ ከ1,024 ቦታዎች አንዱን ለይቶ ይጠቁማል። ከብዙ የሚሳኤል ጉድጓዶች ሚሳኤል ያለበት የትኛው እንደሆነ ለመንገር ይበቃል። ይህን ይፋ ያደረገው እዚያው መሣሪያውን የሚሠራው ቤት ሰው መሆኑን ልብ በሉ።

እኛ ጋ ሲደርስ

ጂሲኤችኪው እውነቱን የተናገረው በታኅሣሥ 1997 ነው። ጄምስ ኤሊስ ከአንድ ወር ላነሰ ጊዜ ቀድሞ፣ ኅዳር 25፣ ሞቷል። ስሙ ሲነሳ አልሰማም።

እስከዚያ ድረስ ግን ዓለም የእነ ዲፊን መንገድ ይዞ ሄዷል። የባንክ አፕ ስትከፍቱ፣ ድረ ገጽ ላይ የቁልፍ ምልክት ስታዩ፣ ዋትስአፕ ስትጽፉ የምትጠቀሙት የታተመውን ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ለማንም አልጠቀመም። አገራችንም በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ን አውጥታ ለዲጂታል ፊርማ ሕጋዊ ቦታ ሰጥታለች።

ከታሪኩ የምንወስዳቸው ሦስት ተግባራዊ ነገሮች አሉ፦

1. ቴሌግራምን ሁላችንም እንወዳለን። ግን የተለመደው ቻት፣ ግሩፕና ቻናል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። ያ የሚሠራው "ሲክሬት ቻት" ስትከፍቱ ብቻ ነው። ስሱ ነገር ከሆነ ልዩነቱን እወቁ።

2. ዋትስአፕ ላይ የሰውየው ስም ውስጥ ገብታችሁ የደኅንነት ኮዱን ማየት ትችላላችሁ። በአካል ስትገናኙ ኮዱን ስካን አድርጉት። መሃል ላይ የሌላ ሰው ጓጉንቸር እንዳልተሰጣችሁ የምታረጋግጡት በዚህ ነው።

3. ደውሎ "ስልክህ ላይ የገባውን ኮድ ንገረኝ" የሚላችሁ ሰው ምስጠራውን አልሰበረም፤ መስበርም አይችልም። ቁልፉን ከእጃችሁ እየጠየቃችሁ ነው። ፒናችሁም 0000 ወይም 1234 ከሆነ፣ የብሌርን ስምንት ዜሮ አስታውሱና ዛሬውኑ ቀይሩት።

በኒውክሌር ቦምብም ሆነ በስልክ ጥያቄው ያው ነው፦ ትዕዛዙን የሚሰጠው ማነው፣ በምንስ ይታወቃል? ሒሳቡ ድርሻውን ይወጣል። ቁልፉን መያዝ ግን የእኛ ሥራ ነው።

ቤት ውስጥ ኮድ ተጠይቀው ሊነግሩ የሚችሉ እናት አባት ካሉ ይህን አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልን፤ የምንችለውን እንመልሳለን።